ሞተር ሳይሞቅ

ጋሽ ጆሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሞተር ቀዝቅዞ ሰው ፊት አቅርበው አያውቁም። ይህን ሲናገሩ ሌላው ሰው ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ማብቃቱን በሚናገርበት ኩራት ነው። የሚሠሩበት ፋብሪካ ትንሽ ነው፤ በዓመት ከመቶ የማይበልጡ የስፖርት መኪናዎች ይሠራል። ጣሪያቸው ከሰው ወገብ ብዙም ከፍ የማይል፣ ጎማቸው ሰፊ፣ ሲሄዱ ሳይታዩ ድምፃቸው ቀድሞ የሚሰማ መኪናዎች ናቸው። ሞተሩን ግን ከማንም አይገዛም። እዚያው ግቢ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች በእጃቸው ይገጥሙታል፤ የአሥራ አንዱ አለቃ ጋሽ ጆሮ ናቸው።

ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ «አራተኛው ሲሊንደር ትንሽ ያጉረመርማል» ወይም «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ይሂድ» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም ማለት ውሸት ይሆናል። ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ባይ ናቸው።

ታዲያ ከማዳመጣቸው በፊት የማይዘነጉት ሥርዓት አላቸው። ሞተሩን ያስነሱና ክፍሉን ጥለው ይወጣሉ። ሻያቸውን ቀድተው ግቢው ውስጥ እየተንጎራደዱ ይጠጣሉ፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ተመልሰው ይገባሉ። የፋብሪካው መሥራች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ጆሮ በተቀጠሩ በሳምንታቸው «ሞተር ሳይሞቅ እንግዳ ፊት አይቀርብም» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ከራሳቸው ጨመሩበት፤ ከእንቅልፉ የሚነሳን ሰው አፍጥጦ ማየት ነውር ነው፣ ፊቱን እስኪታጠብ ፋታ ይሰጠዋል፣ ሞተርም እንደዚያው ነው አሉ።

ዘንድሮ ግን አዲስ የጭስ መመሪያ ወጣ። ከመጪው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ጭሱ ከተወሰነው ልክ ያለፈ መኪና አይሸጥም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ገንዘብም ሰውም ስላላቸው ብዙ አልደነገጡም። ለዚህች ትንሽ ፋብሪካ ግን የሞት ሽረት ነገር ሆነ። ፋብሪካውን ከባላቸው የወረሱት እትዬ፣ ሰባ ዓመታቸውን ይዘው ዛሬም ራሳቸው ካልነዱ የማይሆንላቸው ሴት፣ አማካሪ ጠሩ። አማካሪው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የራሳችሁን ሞተር ተዉትና ንጹሕ ሞተር ከሌላ ግዙ» አለ። ያ ማለት የሞተር ክፍሉ ይዘጋል፣ አሥራ አንዱም ሰዎች ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ማለት ነው።

«አይሆንም፤ የራሳችን ሞተር ይጸዳል» ብላ የተከራከረችው ኢንጂነሯ ናት። ኢንጂነሯ ደግሞ የጋሽ ጆሮ ልጅ ናት።

«ቃልሽ ነው?» አሏት እትዬ።

«ቃሌ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባትና ልጅ በሥራ ቦታ እንደ ሁለት ጎረቤት መንግሥታት ኖሩ። እሷ ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ ገጠመች፤ እሳቸው ማጣሪያውን «ጭምብል» ብለው ሰየሙት። እሷ የነዳጁን አሰጣጥ በኮምፒዩተር አስተካከለች፤ እሳቸው ኮምፒዩተሩን «ያ ቆጣሪ» አሉት። ማጣሪያው ሲገባ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ግን ቀልዳቸው አለቀ።

«ልጄ፣ አንበሳ ነበር፤ ድመት አደረግሽው።»

«ድመትም እኮ ትሮጣለች፣ አባዬ።»

የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ የሚለካበት ቀን ሰኞ ሆነ። መኪናው እሑድ ጠዋት የልኬት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ፣ ጎማው በሚሽከረከሩ የመለኪያ ብረቶች ላይ ቆሞ፣ በሩ ተቆለፈ። በሩ ላይም «መኪናው እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ማደር እንዳለበት ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ለሠራተኛው ሁሉ ተነግሯል። ጋሽ ጆሮ ብቻ አልሰሙም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሞተር እያሞቁ ነበር።

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ደረሱ። ማንም አልገባም። ወረቀቱን አነበቡና ደስ አላቸው። ልጄ ጠንቃቃ ናት፣ የማያውቅ ሰው ገብቶ እንዳይነካካው ብላ ነው አሉ በልባቸው። ከዚያ የሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፋቸውን አውጥተው ከፍተው ገቡ። ወረቀቱ ለእሳቸውም የተጻፈ መሆኑ ጨርሶ አልታሰባቸውም። የጭስ መሳቢያውን ቱቦ አስተካክለው ሞተሩን አስነሱ፤ ሻያቸውን ቀድተው ወጡ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ተመለሱ፣ አጠፉት፣ ኮፈኑን በጨርቅ ወልወል አድርገው በሩን እንደነበረ ቆለፉት። ልጃቸው ዛሬ እንዳታፍር የአባትነታቸውን አደረጉ።

ተቆጣጣሪው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። እትዬ፣ ኢንጂነሯ፣ የልኬት ክፍሉ ቴክኒሻንና ግማሹ የሞተር ክፍል ሰው ከበባቸው። ተቆጣጣሪው ኮፈኑን አስከፈቱ፤ ረጅም የሙቀት መለኪያ በዘይት ማያው ቀዳዳ አስገቡ፤ ጠበቁ፤ መነጽራቸውን ሰክተው ቁጥሩን አዩ። ደግመው አዩ።

«ሃያ ሦስት ዲግሪ መሆን ነበረበት። ስልሳ ሁለት ነው።» ዘወር አሉ። «ይህን ሞተር ያሞቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ጆሮ ከኋላ፣ እጃቸውን ከነሻይ ብርጭቋቸው ከፍ አድርገው። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ካነሰ ልጨምርበት።»

ማንም አልሳቀም። ቴክኒሻኑ መሬት መሬቱን አየ። ጋሽ ጆሮ ምስጋና ሲጠብቁ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ምን እንዳጠፉ ገና አላወቁም፤ ማጥፋታቸውን ግን ያን ጊዜ አወቁ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሞተሩ ሞቆ ሲለካ ጭሱ ያንሳል» አሉ ተቆጣጣሪው። «ይህ በእኛ መሥሪያ ቤት ማጭበርበር ነው የሚባለው።»

«ጌታዬ» አሉ እትዬ፣ «ሰባ ዓመት ስኖር ብዙ አጭበርባሪ አይቻለሁ። እጁን አውጥቶ ‹እኔ ነኝ፣ ካነሰ ልጨምርበት› የሚል ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ተቆጣጣሪው ላለመሳቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ወረቀታቸው ላይ ልኬት አልተካሄደም ብለው ጻፉ። «ከነገ ወዲያ፣ ረቡዕ ጠዋት እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቀጠሮ የለኝም። እርስዎ ደግሞ» አሉ ወደ ጋሽ ጆሮ ዞረው፣ «በዚያ ቀን እዚህ ክፍል ውስጥ ባላገኝዎት ደስ ይለኛል።»

ቀኑን ሙሉ ፋብሪካው በዚህ ወሬ ሲሳሳቅ ዋለ። የሞተር ሞግዚት የሚል አዲስ ስምም ወጣላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ሲያልፉ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ካለፉ በኋላ ይቀጥላል። እሳቸው እንደሆነ ወሬ የሚሰሙበት ልብ አልነበራቸውም። ሥራቸውን ሊያጡ የሚችሉትን የአሥራ አንዱን ሰዎች ወንበር እያዩ ዋሉ።

ማታ ራት ላይ ልጅቱ ሾርባዋን ታማስላለች እንጂ አትጠጣም። ቤታቸው ትንሽ ናት፤ ሦስት ሰው ገበታ ላይ ከቀረበ ማንም ከማንም ዓይን ማምለጥ አይችልም።

«ልጄ፣ ስድብም ቢሆን አንድ ነገር ተናገሪ።»

«ምን ልበልህ አባዬ? ወረቀት ለጥፌ ነበር።»

«አንብቤዋለሁ።»

«አንብበኸው ነው የገባኸው?»

እናትየው ጣልቃ ገቡ። ዕድሜያቸውን በሌሊት ነርስነት የሠሩ ሴት ናቸውና ጭቅጭቅ ሲነሣ እንደ ቁስል ነው የሚያዩት፤ ሳያመረቅዝ ማጠብ ይወዳሉ። «እኔን በሠርጋችን ዕለት መኪና ውስጥ አስቀምጦ ሞተር ሲያሞቅ ያረፈደ ሰው ወረቀት ያቆመዋል ብለሽ ነው? አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይልቅ ለምን ቀዝቃዛ እንደሚፈልጉ ንገሪው።»

ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ማጣሪያው የሚሠራው ሲሞቅ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። መኪናው ሲነሳ ማጣሪያውም ተኝቷል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚወጣው ክፉ ጭስ በቀረው ግማሽ ሰዓት ከሚወጣው ይበልጣል። «ሰው ደግሞ መኪናውን የሚያስነሳው ጠዋት ነው። ከቤቱ በር ላይ። ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት። የሚተነፍሱት ያንን ነው፣ አባዬ። መመሪያውን ያወጡት ሰዎች ቀዝቃዛውን እንለካ ያሉት ለዚህ ነው።»

ጋሽ ጆሮ ይህችው ልጅ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ትዝ አለቻቸው። እናቷ ከሌሊት ሥራ ገና ስለማይመለሱ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሷት እሳቸው ነበሩ። ከመቀስቀሳቸው በፊት ካልሲዋንና ጓንቷን ማሞቂያው ላይ ያሰጡታል፤ ከዚያ ትኩስ ትኩሱን አልብሰው በር ላይ ይሸኟታል። በዚያው በር ላይ ቆመው የራሳቸውን መኪና ለሃያ ደቂቃ ያሞቁ እንደነበርም አሁን ትዝ አላቸው።

«አንድ ነገር ልንገርህ?» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባታሞቀውም እንደሚያልፍ እርግጠኛ አልነበርኩም። አራት ወር ሙሉ ቀዝቃዛውን ስንለካው በጥቂት ነው የሚያልፈው፤ ከልኩ በላይ ማለቴ ነው። ያልነካካሁት ነገር የለም። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ለእትዬ ቃል ገብቻለሁ፣ ግን አላውቅም።»

«ሲነሳ ምን ይላል?»

«ምን ይላል ማለት? ቁጥሩ...»

«ድምፁን ነው የምልሽ።»

«ድምፁን ማን ይሰማዋል? እኛ መስታወት ጀርባ ነን፤ ውስጥ ደግሞ ማራገቢያው ይጮኻል።»

ጋሽ ጆሮ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። አንድ ነገር ገባቸው፤ ሲገባቸውም አፈሩ። በጆሯቸው የታወቁት ሰው ከሁለት ሺህ በላይ ሞተር አስነሥተዋል፤ አንዱንም ሲነሳ ቆመው አዳምጠውት አያውቁም። ሁሌ ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ነገ ጠዋት ቀዝቃዛውን አሰሚኝ» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ብቻ ገቡ። ልጅቱ ማራገቢያውን አጠፋች። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ሞተሩ ላይ ጎንበስ አሉ።

«አንዴ ብቻ ነው» አለች። «ከተነሳ በኋላ እንደገና የሚቀዘቅዘው ነገ ነው። ነገ ደግሞ ሰውዬው ይመጣሉ።»

«አስነሺው።»

ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ የተሰማቸው ለሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቁትን ወዳጅ ካልጋው ሲወርድ እንደማየት ያለ ነገር ነበር። ያጉተመትማል፣ ያስላል፣ ይንገዳገዳል። ደስ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ለምን ሸሸሁት አሉ። ካቻቢቴውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። በግራ በኩል፣ ጭሱ ከሞተሩ በሚወጣባቸው ቱቦዎች አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን ትክ፣ ትክ፣ ትክ የምትል ድምፅ አለች። ሁለተኛው ላይ ትደክማለች፣ አራተኛው ላይም ትደክማለች። ሦስተኛው ላይ ጥርት ትላለች። ወዲያው እየሳሳች ሄደች። ልጅቱ ሰዓቷን እያየች አርባ ሴኮንድ ስትል ያች ትክትክታ ጭራሽ ጠፋች፤ የሚያውቁት ሞቅ ያለ ሞተር ብቻ ቀረ።

«አጥፊው። የግራው ሦስተኛ ቱቦ፣ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያፈሳል። ሲሞቅ ብረቱ ያብጥና ይደፍነዋል።»

ልጅቱ ቡሎኖቹን በዓይኗ ቆጠረች። ያን ቱቦ ለማውጣት ግማሹን ነገር መፍታት ያስፈልጋል። ፈትተው ምንም ባያገኙ ለነገ መልሰው ለመግጠም እንኳ ይመሻል። አባቷ ደግሞ ትናንት ጠዋት ነው ያን ሁሉ ያደረጉት።

«ጉንፋን አልያዘህም?»

«አልያዘኝም።»

«እሺ። ቁልፍ አቀብለኝ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ቡሎን ሲፈቱ ቆዩ። ቱቦው ሲወጣ ጋስኬቱን፣ ያችን በሁለቱ ብረቶች መካከል የምትቀመጠውን ስስ ሽፋን፣ ልጅቱ ወደ መብራቱ ወሰደቻት። ከዳር እስከ ዳር የፀጉር ያህል የቀጠነች ጥቁር የጥላሸት መስመር ተሠርቶባታል። ልጅቱ ጋስኬቷን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«በዚህ ነው አየር የሚገባው» አለች። «ኮምፒዩተሩ አየሩን ሲያይ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል፤ ይጨምራል። ሲጨምር ጭሱ ይበዛል። አራት ወር ሙሉ ኮምፒዩተሩን ስሰድበው ነበር፣ አባዬ።»

«እኔም ሰድቤዋለሁ» አሉ ጋሽ ጆሮ። «ሁለታችንም ይቅርታ እንጠይቀዋለን።»

አዲስ ጋስኬት ገጥመው ቡሎኑን ራሳቸው ጋሽ ጆሮ አጠበቁ። ማታ ከመውጣታቸው በፊት ልጅቱ በሩን ስትቆልፍ የሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ ራሳቸውን አላመኑትም።

ረቡዕ ጠዋት ብርዱ ፊት ይልጥ ነበር። ተቆጣጣሪው መለኪያቸውን አስገቡ፤ ሃያ ሦስት ዲግሪ አለ። ጋሽ ጆሮ በታዘዙት መሠረት ግቢው ውስጥ፣ የልኬት ክፍሉ ግድግዳ ሥር ቆመዋል። ሻይ አልቀዱም። ሲተነፍሱ ከአፋቸው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ እኔን ቢለኩኝ ወድቄ ነበር ብለው ለብቻቸው ፈገግ አሉ። ጓንታቸው ጠዋት ከማንጠልጠያው ላይ ጠፍቶባቸው ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት።

በሩ ተከፈተና ልጅቱ ወጣች።

«ምነው? ሥራሽ ውስጥ አይደል?»

«ቴክኒሻኑ አለ። እኔ መቆም አልቻልኩም።» ከካፖርቷ ሥር የሳቸውን ጓንት አወጣች። ከማለዳ ጀምሮ ቢሮዋ ውስጥ ማሞቂያው ላይ አስጥታው ነበር። ጋሽ ጆሮ ሲያጠልቁት ሙቀቱ እስከ ክንዳቸው ዘለቀ።

«መመሪያው አታሙቁ የሚለው ሞተሩን ነው» አለች። «ስለ አባት የጻፈው ነገር የለም።»

ሊመልሱ ሲሞክሩ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፤ ብርድ ነው እንዳይሉ ጓንቱ ሞቋል።

ከግድግዳው ወዲያ ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ጆሮ ቆባቸውን ከፍ አድርገው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ልጅቱም ከጎናቸው ለጠፈች። አጉተመተመ፣ አሳለ፣ ተንገዳገደ። ትክ የሚል ነገር የለም። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። አርባ።

«አልፏል» አሉ።

«ገና ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀረዋል!»

«ለሳቸው ነው የሚቀራቸው። ለእኛ አልፏል።»

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ተቆጣጣሪው ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ፤ እትዬና የሞተር ክፍሉ ሰዎች ተከትለዋቸዋል። መነጽራቸውን ሰክተው ቁጥሩን አነበቡ፤ ከልኩ በታች ነው፣ ያውም በደህና። የሞተር ክፍሉ ሰዎች በጭብጨባ ግቢውን አናወጡት። ተቆጣጣሪው ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቀው ዙሪያቸውን ቃኙ።

«ሲያፈስ ስለነበረው ቦታ ቴክኒሻኑ ነግሮኛል። ያገኘው ማን ነው?»

ጋሽ ጆሮ ሰኞ ስለተማሩ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ቀብረው ጫማቸውን ያያሉ። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች፤ ከኪሳቸው ስባ አወጣችና፣ ከነጓንቱ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገችው።